ካስክ ሥር የተቀመጠው ሮቦት

መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ካለ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ አልኖረም ማለት ነው። እኛ ስኳር እንጠብቅ ነበር፤ የቀበሌ ስብሰባ እስኪያልቅ እንጠብቅ ነበር፤ ሰዓት እላፊ ሊደርስ ሲል ብቻ ብቅ የሚል አውቶቡስ እንጠብቅ ነበር። ታዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት አይጠብቅም። አንዱ መቁጠሪያውን ይዞ ይጠብቃል፣ አንዱ ጫቱን እየቀነጠሰ፣ አንዱ ሰው እያማ። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩና የጥፍሬ ማጠር ለሥራዬ ይጠቅመኛል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። የሚከፋው ግን እጁ የማያርፍለት ሰው መጠበቅ ሲገባው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሚበላው የሚያጠፋው ይበልጣል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ተከራይቼ ኖሬአለሁ።

ተከራይቼ ማለቴን ለማንም እንዳትናገሩብኝ። በዚያን ጊዜ ትርፍ ክፍል ማከራየት ክልክል ስለነበር፣ ለቀበሌው በተነገረው መሠረት እኔ የእትዬ ጥሩነሽ የእህት ልጅ ነኝ። እትዬ ጥሩነሽ እህት አልነበራቸውም።

ግቢያችን ቦሌ፣ ከመድኃኔዓለም ማዶ፣ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የመስኮት መስታወት የሚንዘረዘርበት ሠፈር ነበር። የዛሬውን ፎቅ አታስቡ። ከኛ ወዲያ ሜዳ ነው፤ ከሜዳው ወዲያ ጎሮ ነው፤ ጎሮ ደግሞ ጤፍ ይዘራባት ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል የሴቶች ጠጉር ቤት ከፍተው፣ በሷ ራሳቸውንና አንድ ልጃቸውን ያስተዳድራሉ። ክፍሏ ውስጥ መስታወት፣ መታጠቢያ ገንዳ፣ ጥቂት ወንበሮችና አንድ ካስክ ነበሩ። ካስክ የምላችሁ ጠጉር በቢጉዲን ከተጠቀለለ በኋላ ራስ ላይ የሚደፋውን፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርመውን ማድረቂያ ነው። አንድ ብቻ በመሆኑ ለሱም ይጠበቅ ነበር።

ልጃቸው ቢንያም የበር ጉበን በግንባሩ የሚገጭ ረጅም ጎረምሳ ነው፤ ግን አሻንጉሊት ይሰበስባል። የእናቱ ወንድም የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበርና ከሩቅ ምሥራቅ በተመለሰ ቁጥር ለእህቱ ሽቶ፣ ለቢኒ ካርቶን ያመጣል። ካርቶኑ ላይ መሣሪያ የታጠቀ የብረት ሰው ተሥሏል። ጃፓኖች ለልጆቻቸው በሚያሳዩት የሥዕል ፊልም ውስጥ የሚዋጋ ሮቦት ነው አሉን። ፊልሙን ማን አይቶት? የኛ ቴሌቪዥን የሚያሳየው ሰልፍና መኸር ነበር። ቢኒም ታሪኩን ሳያውቅ ጀግናውን ብቻ ያውቃል። ሮቦቱ ተሠርቶ አይመጣም። ክንዱም፣ ጭኑም፣ ጣቱም እንደ ፍሬ በፕላስቲክ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚመጣው፤ ቀንጥሶ፣ ሞርዶ፣ ማጣበቅ ነው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ክንዱን ሲያጥፉት ክንፍ፣ እግሩን ሲያጥፉት ጭራ ይሆንና አውሮፕላን ይወጣዋል፤ ሲዘረጉት ተመልሶ ሰው ነው። ሁሉ ነገር ይለወጣል በተባለበት በዚያ ዘመን፣ ተለውጦ ወደ ነበረበት ሲመለስ በዓይኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

አንድ ቀን የቢኒ ስም ከቀበሌ ተጠራ። ብሔራዊ ውትድርና ነው፤ የሚከራከሩበት ነገር አይደለም። እትዬ ጥሩነሽ ዳቦ ቆሎ አሠሩ፣ ሹራብ ገዙ፤ መኪናው ሊነሣ ሲል የተናገሩት ግን “ካልሲህ እንዳይጠፋ” የሚል ብቻ ነበር። ቢኒም “እሺ እማዬ” አለ። አጎቱ በቅርቡ ያመጣለት ካርቶኖች ሳይከፈቱ አልጋው ሥር ቀሩ። ከሥልጠና ቦታ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ከባድ ነው ይላል። ከዚያ ወደ ሰሜን ተላኩ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ።

ያኔ ነው የእትዬ ጥሩነሽ እጅ የተፈታው። መጀመሪያ መጋረጃ ታጠበ። ቀጥሎ የቢኒ አልጋ ከግድግዳ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ተመልሶ ወደ ግድግዳው ሄደ። የኔ ቀሚሶች ሳልሰጣቸው ታጠቡ። ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ የጦር ዘፈን ሲመጣ ይዘጋሉ፣ ዜና ያመለጣቸው ይመስላቸውና መልሰው ይከፍታሉ። በመጨረሻ እጃቸው የደንበኛ ጠጉር ላይ ዘመተ። ጫፍ ጫፉን ብቻ ላስተካክል ብላ የገባች ሴት ማጅራቷ ተራቁቶ ስትወጣ፣ አሁንስ ይህ እጅ ሥራ ካልተገኘለት ሠፈሩን መላጣ ያስቀራል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ካርቶኑን ከፍተው፣ ቅርንጫፎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ የመሥሪያ መመሪያውን ወረቀት ከአፍንጫቸው አስጠግተው አገኘኋቸው።

“ነይ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።”

“ጃፓንኛ ነው እኮ እትዬ።”

“ታይፒስት አይደለሽም እንዴ?”

ሥዕሉን እየተከተልን ጀመርን። ለመቀንጠሻ የጥፍር መቁረጫ፣ ለመሞረጃ የጥፍር ሞረድ፣ ለቀለም የጥፍር ቀለም ሆነ። ከካርቶኑ ጋር የመጣችው ሙጫ ስታልቅ ጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበትን አሴቶን ጠብ አደረጉበት፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተያያዘ። የመጀመሪያው ሰውዬ አሴቶን በዝቶበት ፊቱ ቀለጠ። ሁለተኛው ግን ደረቱ ቀይ፣ ትከሻው የጽጌረዳ ቀለም፣ ጉልበቱ ብርማ ሆኖ ወጣ፤ ለጦርነት ሳይሆን ለሠርግ የተጠራ ይመስላል። ቀለሙ ቶሎ አልደርቅ ስላላቸው፣ ወንበር ላይ ትራስ ደርበው አስቀመጡትና ካስኩን ደፉበት።

ይህ በሆነ በማግስቱ፣ ሌላ ሮቦት ቀለም ተቀብቶ ካስክ ሥር እንደተቀመጠ፣ ወይዘሮ ፀሐይ መጡ። ወይዘሮ ፀሐይ የኮሎኔል ሚስት ናቸው። እንደገቡ ቦታ ይለቀቅላቸዋል፤ ሲናገሩ ወሬ ይቆማል፤ ኮሎኔሉ ደስ ካላላቸው ምን ሊመጣ እንደሚችል ደግሞ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም ነበር። ጠጉራቸው ታጠበ፣ ተጠቀለለ፤ ተነሥተው ወደ ካስኩ ሲሄዱ ቦታው ተይዟል።

“ጥሩነሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

እትዬ ጥሩነሽ ፎጣ በእጃቸው እንደያዙ ደነገጡ። የልጄ ነው ሊሉ ፈልገው ይመስለኛል። ከአፋቸው የወጣው ግን “ልጄ ነው” የሚል ነበር።

ካስኩ ብቻ ያጉረመርማል። አንዷ ደንበኛ መሬት መሬት ታያለች፤ እኔ የቀረኝን ጥፍር ፈለግሁ። አሁን ወይ ይስቃሉ ወይ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ወይዘሮ ፀሐይ እንደተጠቀለሉ፣ ውሃው በአንገታቸው እየወረደ፣ ከካስኩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“ሲደርቅ ምኑ ነው የሚቀረው?” አሉ።

“ክንዱ ይቀረዋል።”

“እስቲ ወዲህ በይው። ባዶ እጄን ልቀመጥ ነው?”

ለካ ኮሎኔሉም ከሰሜን ድምፃቸው ከጠፋ ሰንብቷል። የኮሎኔል ሚስት ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ወሬ አትጠይቅም፤ ሌላው ሰው ነው ከሷ የሚጠይቀው። ስለዚህ ሴትየዋ ሠፈሩ ሲጠይቃቸው “ደህና ናቸው” እያሉ፣ ማታ ማታ ቤታቸው ውስጥ ከክፍል ክፍል ሲዞሩ ነው የከረሙት። ይህን የነገሩን እለቱን አይደለም፤ የሮቦቱ ግራ ክንድ አልቆ ቀኙ ሲጀመር ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ዓይን ለዓይን ካልተያዩ ደግሞ ብዙ ይነጋገራሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠጉር ቤቱ ጠጉር ቤት መሆኑ ቀረ ማለት ይቻላል። ልጇ ሐረር በኩል የዘመተባት ባለሱቅ መጣች፤ ወንድሟ የጠፋባት ነርስ መጣች። ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው አንዷ ትቀነጥሳለች፣ አንዷ ትሞርዳለች፣ እትዬ ጥሩነሽ ያጣብቃሉ፣ ወይዘሮ ፀሐይ ይቀባሉ። አስተናጋጁ ወንድማቸው ሽቶ ይዞ ሲመጣ “ሽቶ ማን አለህ?” ብለው ተቆጡት። ምስኪን፤ በሄደበት አገር ሁሉ መጫወቻ መሸጫ ሲያስስ፣ ከጓደኞቹ መሀል ሳይወልድ የልጆች አባት የሆነ እሱ ብቻ ነው ይሉት ነበር። መደርደሪያው ላይ ሻምፖው እየቀነሰ ሮቦቱ እየበዛ ሄደ። ሥራው ደስታ ሰጣቸው ብላችሁ እንዳታስቡ። ከመንገዱ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሁሉም እጅ ባንዴ ይቆማል፤ መኪናው ሲያልፍ ሁሉም ባንዴ ይቀጥላል።

መንግሥቱ በወደቀበት በዚያ ግንቦት ወታደሩ ከየአቅጣጫው ወደ ከተማ ፈሰሰ። እትዬ ጥሩነሽ ላምበረት ድረስ እየሄዱ፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚገባውን ሁሉ ፊት ፊቱን ሲያዩ ውለው፣ እግራቸው አብጦ ይመለሳሉ። ልብ በሉ፤ በዚያ ሁሉ ግርግር ከሰዓት በኋላ ጠጉር ቤቱ ይከፈታል። አንድ ከሰዓት እትዬ ጥሩነሽ አጎንብሰው የአንዱን ሮቦት ጫማ ቀይ ሲቀቡ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ሳይሉ፣

“የሴቶች ጠጉር ቤት ነው ወንድሜ። የወንድ አንቆርጥም” አሉ።

“ውሃ ካለ ብዬ ነው፣ እማዬ።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አልችልበትም። የማውቀው ቀለሙ መደፋቱንና ያ ቀይ ነገር ከሲሚንቶው ላይ አልለቅ ማለቱን ነው። ቢኒ ጢም አብቅሏል፤ ከስቷል፤ ጫማው ሌላና ሌላ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ብሩሻቸውን አስቀምጠው፣ ውሃውን ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቁና ከየትኛው የጦር ክፍል እንደነበረ ጠየቁት። ነገራቸው። የኮሎኔሉ ክፍል አልነበረም።

“አላገኘኋቸውም እትዬ።”

“አይ፣ እንዲያው ነው” አሉና ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ።

ቢኒ ብዙ ተኛ። ሲነቃም አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ግቢውን ይዞራል፣ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ልክ እንደ እናቱ። አንድ ከሰዓት ሴቶቹ ባሉበት ጠጉር ቤቱ ገባና መደርደሪያውን አየ። ሁላችንም ምን ይል ይሆን ብለን ጠበቅን። የጽጌረዳ ትከሻ ያለውን አነሣ፤ ክንዱን ሊያጥፍ ሞከረ፤ እምቢ አለው። እግሩን ሞከረ። ሌላ አነሣ። ሌላም።

“እማዬ፣ መታጠፊያውን ሁሉ እኮ አጣብቀሽዋል። እንግዲህ አይለወጥም።”

“እንዳይበታተንብኝ ብዬ ነዋ።”

ነርሷ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ቢኒም ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። ወይዘሮ ፀሐይ ፈገግ አሉ እንጂ አልሳቁም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጣታቸውን እያፍተለተሉ፣ ባዶውን ጠረጴዛ ያያሉ። ካርቶኑ አልቋል፤ አስተናጋጁም በረራው በመቋረጡ ውጭ አገር ቀርቷል።

“የቀረ የለም?” አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ልጃቸው ቤታቸው ገብቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ደስታም እንደ ሌብነት ያሳፍራል።

ቢኒ ወይዘሮ ፀሐይን አየ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞሮ ትልቁን፣ እናቱ ከሁሉም አብልጠው የሚኮሩበትን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያሳዩትን ሮቦት አወረደ። የጥፍር ሞረዱን ከጠረጴዛው አነሣና መገጣጠሚያው ላይ ሰክቶ ጠመዘዘው። ክንዱ ወለቀ። ቀስ እያለ፣ እንዳይሰብረው እየተጠነቀቀ፣ እግሩን፣ ክንፉን፣ ራሱን አወላለቀና ቁርጥራጩን ቢጉዲን በሚቀመጥበት ሳህን ውስጥ አድርጎ ከወይዘሮ ፀሐይ ፊት አስቀመጠ።

“ይኸው፣ ይሄኛው ገና ነው” አላቸው።

እትዬ ጥሩነሽን ደንበኛ እየጠበቀቻቸው ነበር፤ ጠጉሯ ረጥቦ ካስኩን ታያለች። “ትንሽ ታገሺኝ” አሏትና ወንበራቸውን ወደ ወይዘሮ ፀሐይ አስጠጉ፤ ከዚያ አሴቶኑን ከፈቱ።