አያ ማሩና የቀዛፊ ወገብ

የአያ ማሩ እጆች የታንኳ ደንገል ሲያስሩ ያየ ሰው አፋቸው የሚያርፍ ይመስለዋል። አያርፍም። በየወንዙ ዳር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሌላው ይቀዝፋል፣ እሱ ያርማል። የፎገራው መምህረ ቀዘፋ እሳቸው ናቸው።

«ክንድ አሽከር ነው፤ ጌታው ወገብ ነው» ይላሉ። ታንኳ ላይ የወጣውን ሁሉ ከዳር ሆነው ያዝዙታል፦ እግርህን ግፋ፣ ትከሻህን ጣል፣ ዘንጉን ከመሳብ ገላህን አዙር። በለቅሶ ላይ እንኳ ደረት የሚመቱትን ሴቶች ከወገብ እንዲነሱ መክረዋል። መቃብር ቆፋሪዎችንም አርመዋል። እሳቸው ግን በሬ ትከሻቸውን ከወጋቸው ወዲህ ዘንግ አያነሱም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ቀዘፋን ግን ሳልጠይቃቸው ከአፋቸው ተምሬያለሁ።

አምና ክረምት፣ በ፲፱፻፶፬፣ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ባሕር ባደረገው ሰሞን ልጄን ገላነሽን ምጥ ጠናባት። ወረታ ደርሰን መኪና ካገኘን ሐኪም ያያታል ተባለ። ባሏ በላቸው በትልቁ ታንኳ ዘንጉን ያዘ። እኔ ከልጄ ጎን ሆንኩ፤ አያ ማሩ ማንም ሳይጠራቸው ከበላቸው ኋላ ተቀመጡ።

በላቸው በድንጋጤ በክንዱ ብቻ ውሃውን ይደበድበው ጀመር። መካከል ላይ ክንዱ ዛለና ጎርፉ ታንኳውን ወደ ጎን ወሰደው። አያ ማሩ ወገቡን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዞሩት ገቡ፤ ግራ፣ ቀኝ።

«ዝግ በል፣ ልጄ። የቸኮለ ክንድ መንገድ ላይ ያስቀራል።»

ታንኳው ቀና አለ። እሳቸው ግን ማስተማሩን ቀጠሉ፤ ምነው ባረፉ አልኩ በሆዴ። ገላነሽ እጄን ጨምድዳ ይዛ፣

«አያ፣ ዝም አይበሉ፤ ዝም ሲሉ ውሃው ይሰማኛል» አለቻቸው።

እስከ ዳር ድረስ አወሩላት። ደረቁን መሬት ስንረግጥ እጇ እጄን ለቀቀ። ጽንሱም አልተረፈም።

ከዚያ ወዲህ አያ ማሩ ማንንም አያርሙም። ዝግ በል ያልኩት እኔ ነኝ ይላሉ። ባይሉት ኖሮ ሁላችንም ውሃው ውስጥ እንቀር እንደነበር እኔም በላቸውም ነግረናቸዋል፤ አይቀበሉንም። ደረሰ የሚባለው ጎረቤታችን ያርሙኝ እንደሆን ብሎ አውቆ፣ እያያቸው፣ ዘንጉን ገልብጦ ይዞ በፊታቸው ቀዘፈ። አንገታቸውን ደፉ። ደረሰ ወደ እኔ መጥቶ አለቀሰ።

እናንተ በወረታ የምታልፉ፣ እስከ ርብ ዳር ውረዱልኝ። አያ ማሩን እንዴት እንደሚቀዘፍ ጠይቁልኝ። ብታውቁትም ጠይቋቸው፤ ከጀመሩ አያቋርጡምና ታገሷቸው። ቤቴ ቅርብ ነው፤ እሰማቸዋለሁ።