ጥላ ፍለጋ የመጡት ፈታይ

አንባቢዎቼ፣ ለመማር መጥቶ “ለመማር አልመጣሁም” የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ከሚሴ፣ ፈትል በሚያስተምሩበት ቤት ስማር አንድ አግኝቻለሁ፤ ከማግኘትም አልፌ ወድጃቸዋለሁ።

ጡረታ የወጡት ሾፌር ጋሽ ሰይድ፣ “ፈትል የሴት ሥራ ነው፤ እኔ ጥላ ፍለጋ ነው” እያሉ ይገቡና እንዝርቱን ከሁላችንም ቀድመው ያነሳሉ። ለምን መሰላችሁ? ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ለልጃቸው የሰርግ ጋቢ ሲፈትሉ እጃቸውን አሟቸው አቋርጠዋል፤ ሰርጉ ደግሞ ደርሷል።

ትናንት እትዬ ዘሀራ ድንገት ብቅ አሉ። ጋሽ ሰይድ እንዝርቱን ኮታቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ መንግሥት ሊገለብጡ ሲያሴሩ የተያዙ ያህል አላባቸው። ክሩ ግን ከኮቱ ሥር ተንጠልጥሏል።

“ጥላ ፍለጋ ነው፣ ዘሀራ።”

“አንተ ሰውዬ፣ ጥላ ክር አለው እንዴ?” ብለው ክሩን ጎተቱት። አንዱ ጋ እንደ ፀጉር ቀጥኗል፣ ሌላው ጋ ገመድ ያክላል። “ይሄስ የጨፋ ሜዳን በሬ ያስራል።”

እኛ ሳቃችንን ዋጥን። እትዬ ዘሀራ ግን አጠገባቸው ተቀመጡና በታመመ እጃቸው እንዝርቱን ጨብጠው የያዙትን የባላቸውን ጣቶች ቀስ ብለው ፈታ አደረጉ። “የመኪና መሪ አይደለም የያዝከው።”

“ወፍራም ወፍራሙን እንጣለው?”

“አቦ ተወው፣ ጋቢው ውስጥ ይግባ። ልጃችን አባቷ የፈተለላትን በእጇ ዳስሳ ትለየው።”