አያሌው ፈንታ የት ገባ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠዋት በዚህ በሽበቴ የሠራሁትን ጉድ ስትሰሙ ስልካችሁን ትጥላላችሁ።

ስሜ ጠፋኝ!

ቀልድ አይደለም። እናትና አባቴ ያወጡልኝ፣ ስልሳ ምናምን ዓመት የተጠራሁበት ስም።

ዓይኔን ሐኪም ቤት ልታይ ነው ትናንት ደባርቅ የመጣሁት። ልጄ «አባዬ፣ አብሬህ ልሂድ» አለች። «እኔ ሕፃን ነኝ?» አልሁና ብቻዬን መጣሁ። ግትር ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ፈረንጆች ተራራ ሊወጡ ሲመጡ የሚያድሩበት ማረፊያ ገባሁ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ «አባቴ፣ ስምዎን ማን ብዬ ልመዝግብ?» አለችኝ።

«አያሌው ፈንታ» አልኋት።

እኔ አያሌው አይደለሁም! ማሩ ነኝ። ማሩ አበጀ።

ዛሬ ቁርስ ላይ ቁጭ ብዬ ልጅቱ «አባባ አያሌው! አባባ አያሌው!» እያለች ትጣራለች። እኔም ከሰው ጋር ዞር ዞር ብዬ አያሌውን ፈለግሁት። አጠገቤ ለተቀመጠው ፈረንጅ «አንተን ነው መሰለኝ» ብዬ በእጄ አሳየሁት!

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህን አያሌው የሚባል ሰው ከደርግ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ልንገራችሁ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርሁ። ቤታችን ዳባት ዙሪያ ነው። ከዘመድ ቤት በቀር የትም አድሬ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ በግ ሊሸጥ ዳባት ገበያ ወርዶ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ።

በጉ ብቻውን ቤት ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ወሬ ደረሰን። ደባርቅ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት በካሚዮን ይጫናሉ። ወዴት? የሚያውቅ የለም።

እናቴ ጋቢ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ይህን አልብሰው። ዓይኑን እይልኝ» አለች። ልወጣ ስል ክንዴን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማሩ፣ አንዱን ልታይ ሄደህ ሁለት እንዳታጎድልብኝ» አለችኝ።

ያለ ነገር አልነበረም። ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሄደው አብረው የተጫኑ አሉ ይባል ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬ ልክ ለጠመንጃ የደረሰ!

ከገበሬ ማኅበራችን የይለፍ ወረቀት አስጻፍሁ። ማሩ አበጀ ይላል፤ ክብ ማኅተም አለው። ያለዚያ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም እየፈጀኝ ደባርቅ ገባሁ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ወታደር «ዛሬ አይቻልም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት» ብሎ መለሰኝ።

የት ልደር?

እንደ አገራችን ወግ ሰው ቤት ሄድሁና «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» አልሁ። እኛ ዘንድ ይህ ይበቃል። የመጀመሪያው በር ተዘጋ። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ሰው ያስላል፣ የሚከፍት ግን የለም። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት በስንጥቅ አየችኝና «ወንድሜ፣ ሳያስመዘግብ እንግዳ ያሳደረ ይታሰራል። ሂድ አልጋ ቤት» አለችኝ።

አልጋ ቤት! በሕይወቴ የመጀመሪያዬ።

ባለቤቷ እትዬ ትርንጎ ይባላሉ። ወፍራም፣ ቁልፍ በወገባቸው ያንጠለጠሉ ሴት። «ግባ» አሉኝ። ገባሁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ፣ በረባሶዬን አወለቅሁ፣ እግሬን ዘርግቼ ጠበቅሁ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«እግሬን...»

«እግርህን ምን?»

አያችሁ፣ እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል!

«ውሃው በርሜል ውስጥ ነው፤ እጅ የለህም?» ብለው ሳቁ። ግቢው ሁሉ ሳቀብኝ። ገና ሳቁ ሳያልቅ መዝገብ አወጡ። ደብተር፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ።

«ስም?»

እኛ ዘንድ እንግዳ ሳይበላ ስሙ አይጠየቅም። እንግዳን እህል ሳያቀምሱ ስም የሚጠይቁት ሊይዙት ሲፈልጉ ነው ብዬ አሰብሁ። ስሜን ከጻፉ፣ ግቢ ውስጥ ያለው ደግሞ ደሳለኝ አበጀ ነው። አበጀ፣ አበጀ። አንድ አባት! ነገ ጠዋት እኔም ካሚዮን ላይ ነኝ። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«አያሌው ፈንታ» አልሁ።

ይህ ስም ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመንደራችን አያሌው የሚባል ሰው የለም!

ጻፉት። ከዚያ ደብተሩን እየዘጉ «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ስምህን ከይለፍ ወረቀትህ ጋር ያስተያያሉ። ወረቀትህን አዘጋጅ» አሉኝ።

በሉ እስቲ ምን ታደርጉ ነበር?

መዝገቡ ላይ አያሌው። ወረቀቱ ላይ ማሩ። እኔ መሐል ላይ።

ወረቀቱን ሽንት ቤት ልጣለው? ያለ እሱ ወደ ቤቴ አልመለስም። ልሽሽ? ኬላው ላይ ይይዙኛል። ለእትዬ ትርንጎ እውነቱን ልንገር? ሰላይ ቢሆኑስ! አልነግርም ብዬ ጥርሴን ነከስሁ።

ክፍሉ አራት የብረት አልጋ አለው። ከእኔ ሌላ ያረፉት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ። «ና፣ ቆሎ ቅመስ» አሉኝ። አልበላም አልሁ። «ከየት ነህ?» አሉ። ወደ ግድግዳው ዞርሁ። «ታመሃል እንዴ?» አሉ። ይሄማ ዋናው ሰላይ ነው አልሁ በልቤ። ቆሎ ይዞ የሚሰልል!

አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢዬን አቅፌ «አያሌው ፈንታ፣ አያሌው ፈንታ» እያልሁ ሳጠና ዋልሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ገቡ። ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። አንደኛው መዝገቡን ገለጠ።

«ሰይድ!»

«አቤት» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«አያሌው ፈንታ!»

ዝም።

ወደ ግራ አየሁ። ወደ ኋላ አየሁ። ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው የማይመልሰው?

«አያሌው ፈንታ!»

አሁን ጋሽ ሰይድ አፍጥጠው ያዩኛል። እኔ ደግሞ ለመንግሥት ልታዘዝ ብዬ፣ አፈር ልብላ፣ «ምናልባት ሽንት ቤት ይሆናል» አልሁ!

በአፌ! እኔው!

ጠባቂው የሽንት ቤቱን በር በእርግጫ ሲለው ነው የታወሰኝ። አያሌው እኔ ነኝ። ግን እንዴት አድርጌ አሁን እኔ ነኝ ልበል? አሁን እኔ ነኝ ያለ ሰው ከዚያ ግቢ በእግሩ አይወጣም።

«ሰውዬው የለም! ጠፍቷል!» ብሎ ተመለሰ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ማን ነህ?»

ወረቀቴን ሰጠሁት። አነበበ። መዝገቡን አየ። «ማሩ አበጀ? እዚህ አልተጻፍህም።»

እትዬ ትርንጎ እኔን አዩኝ። እኔ በረባሶዬን አየሁ።

«አያሌው በዘጠኝ ሰዓት መኪና ሄዷል፤ አልጋው አልተስማማውም» አሉ እትዬ ትርንጎ፣ ረጋ ብለው። «ይሄ በእሱ ቦታ የገባ ነው። ልጽፈው ስል እናንተ መጣችሁ።»

«እንግዳ ሲወጣ ለቀበሌ ሳታሳውቂ?»

«ረሳሁ፣ ጓድ።»

«ነይ እንግዲህ። ቀበሌ ስታድሪ ታስታውሻለሽ።»

ቁልፋቸውን ከወገባቸው ፈትተው ለጋሽ ሰይድ ሰጡ። ነጠላቸውን አጣፉ። ሄዱ።

እኔስ? እኔ ዝም! ምላሴ ላይ «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ነበር። ከኋላው ደግሞ የእናቴ «ሁለት እንዳታጎድልብኝ» ነበር። ዋጥሁት።

ጋሽ ሰይድ ወደ ክፍሉ ስንመለስ «አንተ ልጅ፣ ስምህን በስንት ሰዓት ነው የምታስታውሰው?» አሉኝ።

«ምን አገባዎት!» አልኋቸው። ይታያችሁ፣ ጥፋተኛውም እኔ፣ ተቆጪውም እኔ!

ጎህ ሲቀድ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነበርሁ። ደሳለኝ ፀጉሩን ተላጭቶ አጠረብኝ፤ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። ጋቢውን በአጥሩ ላይ ወረወርሁለት።

«የት አደርህ?» አለኝ።

«አልጋ ቤት።»

«አንተ? አልጋ ላይ?» ብሎ እየሳቀ ዓይኑ እንባ ሞላ። ያን ዓይኑን ለእናቴ ይዤላት ሄድሁ። ደሳለኝ ደርግ ሲወድቅ በእግሩ ተመልሷል፤ እግዜር ይመስገን። ዛሬም አልጋ ባየ ቁጥር በእኔ ይስቃል።

ግን ሌላውን ልናዘዝ።

ስመለስ በአልጋ ቤቱ በኩል አለፍሁ። እትዬ ትርንጎ ከቀበሌ ተለቀው ደጃቸውን ይጠርጋሉ። ወገባቸውን ይዘው፣ ፊታቸው አብጦ። ቀና ሲሉ አዩኝ።

«አያሌው! ጋቢው ደረሰ?» አሉኝ።

«ጋቢውን በምን አወቁ?» አልኋቸው።

«ጋቢ ታቅፎ ደባርቅ የሚመጣ ጎረምሳ የት እንደሚሄድ አጣለሁ እንዴ? ስንቱን አሳድሬያለሁ። እውነቱን ብትነግረኝ ሌላ ስም እኔው እመርጥልህ ነበር፤ ጠባቂዎቹንም ወረቀቱን አይቸዋለሁ፣ ደህና ነው እላቸው ነበር። ለሌሎቹ እንዲያ ነው የማደርገው።»

በዚያ ከተማ የፈራኋቸው ሴት፣ የሚያድኑኝ ሰው ነበሩ!

ጉልበታቸውን ልስም ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ምን አልሁ? «እንግዲህ ደህና ይዋሉ።»

በቃ! ያችኑ ብዬ ሄድሁ። ከዓመታት በኋላ ልጠይቃቸው ስመጣ ቤቱ ፈርሶ፣ እሳቸውም አርፈው አገኘሁ።

አሁን ወደ ዛሬ ጠዋቱ ልመለስ። ልጅቱ የምትጠራኝ ለካ መታወቂያዬን ልታይ ኖሯል። ሰጠኋት። መታወቂያውን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች።

«አባቴ፣ እዚህ ማሩ አበጀ ነው የሚለው። ታዲያ አያሌው ፈንታ ማን ናቸው?»

«እትዬ ትርንጎን ቀበሌ ያሳደረ ሰው ነው» አልኋት።

ምንም አልገባትም፤ ፊቴን አይታ ግን ሳቋን ተወች። «ታዲያ የትኛውን ልጻፍ?»

«ሁለታችንንም ጻፊን።»

«አልጋው እኮ አንድ ነው አባባ!»

«ግድ የለም፣ ለምደነዋል» አልኋት።

ይኸው ክፍሌ ገብቼ በአንድ ጣት እየጻፍሁላችሁ ነው። በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፌያለሁ። ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ይሰማኛል።

አሁን ቢያንኳኳ ማን ነኝ ልበል?