ከምግብ በኋላ፣ በሁዳዴ

[ፍኖተ ሰላም፣ የአንድ የግል ጤና ኮሌጅ በረንዳ። ጊዜው የሁዳዴ ጦም ነው። የፋርማሲ ተማሪ መሆን የሚፈልጉ የቃል ፈተና የሚፈተኑበት ክፍል በሩ ተዘግቷል። አግዳሚው ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰው ይሄይስና ጋቢ የደረበው ትዕዛዙ ተቀምጠዋል። ከተገናኙ ሩብ ሰዓት አልሞላቸውም።]

ትዕዛዙ፦ እኔ እኮ ፀጉር ቆራጭ ነው የመሰልኸኝ።

ይሄይስ፦ የፀጉር ቆራጭ ጋዋን አጭር ነው። የፋርማሲ ጋዋን ከጉልበት ይወርዳል።

ትዕዛዙ፦ የሥጋ ቤቱም ይወርዳል።

ይሄይስ፦ በሁዳዴ ሥጋ ቤትን ምን አነሳው? ይኼን ጋዋን ቡሬ ከተማ ሄጄ በልኬ ነው ያሰፋሁት። ሰፈሩ ሁሉ ከወዲሁ «ዶክተር» ይለኛል።

ትዕዛዙ፦ ኮሌጁ ተቀበለህ እንዴ?

ይሄይስ፦ ሊቀበለኝ ነው። በጽሑፍ ፈተናው ዘጠና አራት አምጥቼ አንደኛ ወጥቻለሁ። አንተስ ስንት አመጣህ?

ትዕዛዙ፦ እኔ ምንም አላመጣሁ።

ይሄይስ፦ ዜሮ?

ትዕዛዙ፦ ና ብቻ ነው ያሉኝ፤ ይዘህ ና ያለኝ የለም።

ይሄይስ፦ በዜሮ ማን ጠራህ?

ትዕዛዙ፦ አጎቴ። እዚህ ግቢ ዘበኛ ነው።

ይሄይስ፦ በለኛ፣ በዘመድ ነዋ። እኛ መጽሐፍ ስንበላ እናድራለን፣ ሌላው በዘበኛ ይገባል።

ትዕዛዙ፦ ሁሉም በዘበኛ ነው የሚገባ፤ በሩ እኮ አንድ ነው። ይልቅ አንደኛ ከወጣህ ምን ያስፈራሃል?

ይሄይስ፦ [ጋዋኑን እያፍተለተለ] አምናም አንደኛ ነበርሁ። «የመግባባት ችሎታ» የሚሉት ይኼ የቃል ፈተና ጣለኝ። አንድ ሰው በሽተኛ አስመስለው ፊትህ ያስቀምጡና መድኃኒቱን አስረዳው ይሉሃል። አስረዳሁ፤ ጣሉኝ። ከሁለት ጊዜ በላይ ደግሞ አይፈቀድም። ዛሬ ከወደቅሁ በቃኝ፤ እናቴ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?

ትዕዛዙ፦ ጭንቅ ነው ወንድሜ።

ይሄይስ፦ መድኃኒት ወሬ ምን ያደርግለታል? ተውጦ ይሠራል። እስቲ በሽተኛ ሁንልኝ፣ ልለማመድብህ።

ትዕዛዙ፦ መለማመዱ እኔንም አይጎዳኝ።

ይሄይስ፦ ከሰከላ የመጣህ ገበሬ ነህ። ወገብህን ያምሃል።

ትዕዛዙ፦ [ጋቢውን ይከናነባል፤ ድምፁን ያሰልላል] እንደምን ዋሉ ጌታው? ቤተ ሰቡ ደኅና? ከብቱስ...

ይሄይስ፦ ሰላምታውን ዝለለው፣ ሰዓት ይበላል። ይኼ አይቡፕሮፌን አራት መቶ ሚሊግራም ነው። ፀረ ብግነት ነው፤ የፕሮስታግላንዲንን ምርት ይገታል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ አንዳንድ ፍሬ። ገባዎት?

ትዕዛዙ፦ እሺ።

ይሄይስ፦ አየህ፣ ገባህ። አምና በሽተኛ አድርገው ያስቀመጡብኝ ሽማግሌም እንዲሁ እሺ እሺ ብለውኝ ነበር፤ ፈታኞቹ ግን ጣሉኝ።

ትዕዛዙ፦ እንዴት እንደምውጠው መቼ ጠየቅኸኝ?

ይሄይስ፦ ይሁን። እንዴት ይውጡታል?

ትዕዛዙ፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ሦስቱንም።

ይሄይስ፦ ሦስቱንም ባንዴ?

ትዕዛዙ፦ ከምግብ በኋላ አሉኝ። እኔ ጦመኛ ነኝ፤ የምቀምሰው አንዴ ነው። የቀሩትን ሁለቱን የት ላድርጋቸው?

ይሄይስ፦ ጨጓራህን ይልጠዋል እኮ።

ትዕዛዙ፦ እሺ።

ይሄይስ፦ ይልጥሃል እያልሁህ ምን እሺ ትላለህ?

ትዕዛዙ፦ የተማረ ሰው ሲናገር እሺ ነው እንጂ ምን ይባላል? እኛ ዘንድ አልገባኝም ማለት ነውር ነው። ሰውየውን «ማስረዳት አትችልም» ብሎ እንደ መስደብ ነው።

ይሄይስ፦ ታዲያ ምን ልበለው? በባዶ ሆድ ዋጥ ብለው ይታመማል፤ ቁርስ ብላ ብለው ጦም አስገደፈኝ ይለኛል።

ትዕዛዙ፦ ለታመመ ሰው የነፍስ አባቱ ይፈቅዱለታል። ሂድና ጠይቃቸው የሚለው ነው ያጣ።

ይሄይስ፦ ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ «ይጦማሉ?» እለዋለሁ። ቀጥሎ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ። መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚውጡት መልሰው ይንገሩኝ። [ደረቱን ይነፋል] አየህ ጭንቅላት? ራሴው ደረስሁበት። አንተም ስትገባ እንዲህ በላቸው፤ ዜሮህን ትንሽ ይሸፍንልሃል።

ትዕዛዙ፦ እሺ።

[በሩ ይከፈታል። ከውስጥ ድምፅ፦ «ይሄይስ ባዬ ይግባ። በሽተኛውም አብሮ ይግባ።»]

ይሄይስ፦ በሽተኛው የታል?

ትዕዛዙ፦ [ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ይነሳል] እንግባ ጌታው።

ይሄይስ፦ አንተ? ተፈታኝ አይደለህም?

ትዕዛዙ፦ መቼ ነኝ አልሁ? አምና በሽተኛ የሆነላቸው አጎቴ ነው። ዘንድሮ የእውነት ታመመና እኔን ላከኝ።

ይሄይስ፦ ታዲያ ይኼን ሁሉ ስለፈልፍ ምነው ዝም አልኸኝ?

ትዕዛዙ፦ ስንት አመጣህ አልኸኝ እንጂ ማን ነህ መቼ አልኸኝ?

ይሄይስ፦ [ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ] እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ። ቤተ ሰብ ደኅና? ስምዎን ማን ልበል?

ትዕዛዙ፦ ይኼን ውስጥ በለው። እዚህ በረንዳ ላይ ማርክ የለውም።