የዶክተሩ ደን

[ቀትር ነው። ዶክተሩ በከተማ ፕላን ትምህርት ክፍል ሃያ ዓመት አስተምሯል። ነገ ጠዋት አዲሱን የከተማ ካርታ ለማዘጋጃ ቤቱ ያቀርባል፤ እሱ ከሠመረለት ሙሉ ፕሮፌሰርነቱ በእጁ ነው። አሳድጎ ለወግ ማዕረግ ያበቃው አጎቱ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ «ካርታህን አምጣና ልየው» ስላለው ይዞለት መጥቷል። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ክርክሩ ግን ስለ በሩ ነው።]

ዶክተሩ፦ ጋሼ፣ በሩ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። የስልኬ ኮምፓስ ይኸውና።

ፖስተኛው፦ ስልክህ ለዚህ ቤት እንግዳ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በዚህ በር ገብታ አልጋዬ ድረስ ትመጣለች። አንተ ራስህ በልጅነትህ «ዓይኔ ውስጥ ገባች» እያልክ ስትነጫነጭ አልነበረም?

ዶክተሩ፦ ፀሐይ በሰሜን አትወጣማ።

ፖስተኛው፦ እኔስ ምን አልኩህ?

ዶክተሩ፦ [ስልኩን እያገላበጠ] ቆይ... ለካ ብረት ሣጥኑ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ብረት ኮምፓሱን ያሳስተዋል። እሺ፣ ምሥራቅ ይሁን።

ፖስተኛው፦ ስለፈቀድክልን እናመሰግናለን። በል አሁን ቤቴን አሳየኝ።

[ዶክተሩ ጎንበስ አለ። ጣቱ ከአደባባዩ ተነሥቶ ድልድዩን ተሻገረ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ታጠፈ፣ ከዚያ አረንጓዴ ውስጥ ገብቶ ቀጥ አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አጠለቀው። አረንጓዴው ካለበት አልተነቃነቀም።]

ዶክተሩ፦ ጋሼ... ሰፈር ቀይረዋል እንዴ?

ፖስተኛው፦ አንተ አሁን የት ነው የተቀመጥከው?

ዶክተሩ፦ እርስዎ ቤት።

ፖስተኛው፦ እኔም እዚሁ አጠገብህ ነኝ። ይሄ አረንጓዴ ምንድን ነው?

ዶክተሩ፦ ደን።

ፖስተኛው፦ ደን ውስጥ ነን ማለት ነው?

ዶክተሩ፦ በመረጃው መሠረት፣ አዎ።

ፖስተኛው፦ እንግዲያው በሩን ልዝጋው፤ አውሬ እንዳይገባብን።

ዶክተሩ፦ አይቀልዱ ጋሼ። ይሄ በሳተላይት የተነሣ ፎቶ ነው።

ፖስተኛው፦ ጎረቤቴ ጣሪያው ላይ የሰቀላት ናት?

ዶክተሩ፦ እሷ ዲሽ ናት። ሳተላይት ሰማይ ላይ እየዞረች ቁልቁል ፎቶ የምታነሣ መሣሪያ ናት።

ፖስተኛው፦ ላም አለኝ በሰማይ በለኛ። ወርዳ አታውቅም?

ዶክተሩ፦ ምን ልታደርግ ትወርዳለች?

ፖስተኛው፦ በር ልታንኳኳ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሳድል አንድም ቤት ከላይ አይቼ አላውቅም። ደብዳቤው ግን ከባለቤቱ እጅ ሳይገባ የቀረበት ቀን የለም።

ዶክተሩ፦ የእኔ ሥራ ከዚያ ይለያል። ካርታ ንብርብር ነው። ከሥር መሬቱ፣ በላዩ ውሃው፣ በላዩ መንገዱ፣ በላዩ ቤቱ። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይደራርባቸዋል።

ፖስተኛው፦ እንደ ብርድ ልብስ።

ዶክተሩ፦ እንደዚያ ይበሉት።

ፖስተኛው፦ እኛን ታዲያ በስንተኛው ሥር አስተኝታችሁን ነው የጠፋነው?

[ዶክተሩ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ውጭ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየው።]

ዶክተሩ፦ ዛፎቹ ናቸው ጉዱን ያመጡት። ቅርንጫፋቸው ጣሪያውን ሁሉ ውጦታል። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ?

ፖስተኛው፦ እሱስ ምን ያድርግ፣ አጎት የለው። ይቺ ጽሑፍ ምን ትላለች? ደቃቃ ናት።

ዶክተሩ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] «ከከተማው መስፋፋት የተረፈ የተፈጥሮ ደን»። ሦስት ጥናት አሳትሜበታለሁ።

ፖስተኛው፦ የተፈጥሮ። ያቺን ጓሮ ያለችውን የተከልካት አንተ ነህ። ሰባት ዓመትህ ነበር፤ ውሃ አጠጣት ብልህ አልቅሰህ ሰፈሩን ሰበሰብክብኝ። ሌላውን እኛ ጎረቤታሞቹ በየደጃችን ሁለት ሁለት እያልን ተከልነው። ተፈጥሮ የምትላት አንድ ቀን ዶማ ይዛ ስትመጣ አላየናትም።

[ዶክተሩ ሳቁ መጣበትና መንገድ ላይ ቀረ።]

ፖስተኛው፦ ነገስ ደኑን ምን ልታደርገው ነው?

ዶክተሩ፦ መናፈሻ። ሐሳቡ የራሴ ነው። «ሰው ስለማይኖርበት የሚፈናቀል የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። እዚህ ስንት ቤት አለ ጋሼ?

ፖስተኛው፦ አርባ ሦስት። በየስማቸው ልጥራልህ?

ዶክተሩ፦ ግን እንዴት ይሆናል? እኔኮ ሁለት ተማሪዎች ልኬ ነበር። ቦታው ድረስ ሄደው፣ ደን መሆኑን አረጋግጠው፣ ፈርመው መጥተዋል።

ፖስተኛው፦ አንዷ ቀጭን ረጅም፣ አንዱ ሰማያዊ ቦርሳ ያነገተ?

ዶክተሩ፦ ያውቋቸዋል?

ፖስተኛው፦ ፎርማቸውን የሞሉት እዚችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ውሃ አጠጣኋቸው። መጀመሪያ «ቤት» ብለው ጽፈው ነበር።

ዶክተሩ፦ ቤት ብለው?

ፖስተኛው፦ ኋላ ሰረዙት። ምነው ብላቸው፣ «መምህራችን ደን ነው ብለዋል። ቤት ነው ብለን ከተመለስን፣ በደንብ አላያችሁም ብለው እንደገና ይልኩናል» አሉኝ። አንዱን ሰፈር ሦስቴ አመላልሰሃቸዋል አሉ። ከዚያ ቀና ሲሉ የምረቃ ፎቶህን ግድግዳው ላይ አዩት። ውሃውን እንኳ አልጨረሱም።

[ዶክተሩ የልጆቹን ገጽ አስታወሰ። ፎርሙን ሲያስረክቡት ዓይን ዓይኑን አላዩትም ነበር። እሱ አክብሮት መስሎት ደስ ብሎት ነበር።]

ዶክተሩ፦ እርስዎስ ይሄን እያወቁ ለምን ዝም አሉኝ?

ፖስተኛው፦ የዚያኑ ቀን ደወልኩልህ። «ካርታህ ላይ አለሁ ወይ?» ብልህ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነገር አይደለም፤ ስጨርስ አሳይዎታለሁ» አልከኝ። እኔም እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ይኸው አሳየኸኝ።

[ዶክተሩ ስልኩን አንሥቶ የፋኩልቲው ዲን ጋ ደወለ።]

ዶክተሩ፦ ነገ አላቀርብም... የለም፣ አላመመኝም። ካርታው ስህተት አለበት... የተማሪዎቹ አይደለም፣ የእኔ ነው... አዎ፣ ማዕረጉ ለከርሞ እንደሚያድር አውቃለሁ። [ስልኩን ዘጋ። ትከሻው ቀለል ያለው መሰለ።] ጋሼ፣ ሌሎቹ አረንጓዴዎች ውስጥም ሰው ይኖር ይሆን?

ፖስተኛው፦ ስንት አሉህ?

ዶክተሩ፦ አሥራ ሰባት።

ፖስተኛው፦ [በጣቱ አንድ በአንድ እየነካ] ይሄኛው ሠላሳ ቤት አለው። ይሄኛው አሥራ ሁለት ቤትና አንድ ትምህርት ቤት። ይሄ ከወንዙ ማዶ ያለው ግን የእውነት ደን ነው።

ዶክተሩ፦ ተመስገን። ቢያንስ አንዱን አልሳትኩም።

ፖስተኛው፦ [ኮፍያውን ከመስቀያው እያወረደ] እኔ ጡረታ ስወጣ ደን ነበር ማለቴ ነው። እሱ ስምንት ዓመት ሆነው። ተነሥ፣ ሄደን እንየው፤ ሳላይማ እኔስ ምን አውቃለሁ።