ከበር ውጭ የሚሰማ ፋንክ

ሳይወለድ ያለፈ ዘመን የሚናፍቀው ወጣት አጋጥሟችሁ ያውቃል? የጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ነው። በስድሳዎቹ ድምፅ አዲስ የፋንክ አልበም ሠርቶ፣ «ጋሼ፣ ዘመኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ካልመሰለ አላወጣውም» ብሎ ሳሎኑ አስቀመጠኝ።

ሰማሁና፣ «አይመስልም» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ምኑ ጎደለ?»

«በሩ ነዋ! እኔ የጭፈራ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። እንደኔ ያለውን መሃይም ማን ያስገባል? ሁሉንም የሰማሁት ከውጭ ነው።»

ይኼ እብድ ወደ ደረጃው አስወጥቶኝ በሩን ዘጋና አልበሙን እንደገና ከፈተው። ቤዙ ብቻ በሩን አልፎ ደረቴን መታኝ።

«አሁንስ፣ ጋሼ?» ብሎ ከውስጥ ጮኸ።

«አውጣው!» አልኩት። ዛሬ የሚቆጣኝ አለቃ የለምና፣ እዚያው ደረጃው ላይ ትከሻዬን ለቀቅኩት።