መምህር ትእዛዙ ለተዘለለው ማር ሽማግሌ የላኩበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ የሰቆጣ ትራንስፎርመር በተቃጠለ በማግሥቱ ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ቁጣቸው እንደ ተከዜ ክረምት የሚሞላ፣ አራት ርዕሰ መምህራንን በቀይ እስክሪብቶ የመከቱ፣ መምህረ ታሪክ ወጠበቃ ማር፣ መምህር ትእዛዙ በሰቆጣ ተቀምጠው ሲያስተምሩ ይህ ሆነ፤ የሚጠራጠር ቢኖር ይምጣና ይዋጣልን።

አንድ የአዲስ አበባ መጽሔት የሀገሩን ማር ሁሉ በየስፍራው ሲያወድስ፣ የዋግን ማር ስሙን እንኳ ሳያነሳ አለፈ። መምህርም ይህን ባነበቡ ጊዜ ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ በመምህራን ማረፊያ ቆመውም አዋጅ ነገሩ፦ «መልሴ በዚያው መጽሔት እስኪወጣ ድረስ ማርም ጠጅም በአፌ አይዞርም! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!»

«የተዘለለው ማር» የሚል የጽሑፍ ሐሳብም ለዋና አዘጋጁ ለፋንታሁን በኢሜይል ሰደዱ፤ መልስ የለም። በቴሌግራም ሰደዱ፤ አዘጋጁ አይቶ ዝም አለ። ጥምቀት አለፈ፣ የሰርጉም ወራት መጣ፣ ጠጁ በፊታቸው እየተቀዳ አለፈ፤ እሳቸውም ውኃ በብርሌ እየጠጡ ጥርሳቸውን አፋጩ።

ከዚህም በኋላ አዘጋጁን ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ እማዋይሽ በአምደወርቅ እንደሚኖሩ ተሰማ፤ መምህርም እንደ ሀገር ወግ ሽማግሌ ላኩ። የዘመቱትም፣ ጥምጥማቸው ከሩቅ የሚታይ መሪጌታ ገብረ አምላክ፣ ነገር አዋቂው አቶ ደግሰው፣ ሚኒባስ ቢያጥወለውላቸውም የማይመለሱት አቶ ገበያው ነበሩ፤ በጭናቸውም ላይ አንድ ማሰሮ ነጭ ማር።

በደረሱም ጊዜ ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ ብለው ቆሙ። ወይዘሮ እማዋይሽም ለልጃቸው ለትግስት የመጡ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። መሪጌታ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦ «የመጣነው ለልጅ አይደለም። የፋንታሁን መጽሔት ገጽ አላት፤ የእኛም ልጅ ጽሑፍ አለው። ገጿን ለልጃችን ስጡን!»

ወይዘሮም በየኑ፦ «ገጿንስ በሰጠሁ፤ ልጃችሁ ግን ተሳዳቢ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ክፉ ቃል እንዳይወጣው ዋስ ጥሩ!» ሽማግሌዎቹም እግራቸው ዝሎ ነበርና ሦስቱም ዋስ ሆነው ተቀመጡ። ወይዘሮም ስልክ አንስተው አወጁ፦ «አንተ ፋንታሁን! ሽማግሌ ደጄ አስቁመህ አንተ ምሳህን ትበላለህ? ሙሉ ገጽ ትሰጣለህ፤ ካልሰጠህ ለፋሲካ እንዳትመጣብኝ!» ፋንታሁንም ያለ ውጊያ ገበረ።

መምህር ትእዛዙ ግን የዋሱን ነገር በሰሙ ጊዜ በሀዘን ጽሑፋቸውን ዘረጉ። «ደንቆሮ»ን ሰረዙ፤ «ምላሱ የሞተ»ን ሰረዙ፤ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን «የስኳር ነጋዴ ተላላኪ»ንም እያለቀሱ ሰረዙ። ቀይ እስክሪብቶው ሥራውን በፈጸመ ጊዜ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የተረፈው ይህ ነበር፦ «የዋግ ማር ነጭ ነው። ትእዛዙ፣ ከሰቆጣ።»

መጽሔቱም በቃሉ መሠረት በሙሉ ገጽ አተመው፤ አዘጋጁም የሚቆርጠው ቃል አላገኘም። መምህርም በዋሶቻቸው መካከል ብርሌያቸውን አነሱ።

እንግዲህ ክብር ለመምህር ትእዛዙ፣ ለባለ ሙሉ ገጽ! ተቆጥቶ የሚጽፍ በየከተማው ሞልቷል፤ ቁጣውን ሁሉ ውጦ በላዩ ጠጅ የጠጣበት ግን ከእሳቸው በቀር ማን አለ?